‹ወላጅ አምጣ› የተባለው ልጅ ማንን ያምጣ? በጎንደር በሰው ቤት የሚያድጉ ልጆች የአእምሮ ጤና

ጎንደር ውስጥ በሰው ቤት ማደግ አዲስ ነገር አይደለም። ከጃናሞራ ወይም ከደምቢያ ለትምህርት መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር ልጅ በየሰፈሩ አለ። እናቷ ዐረብ አገር ሄዳ አያቷ የምታሳድጋት አለች። ወላጆቹ ሞተውበት ጎረቤት «እኔ ጋ ይሁን» ብሎ የወሰደው አለ። አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪም ከእናቱ ጓዳ የራቀ ልጅ ነው። ከተማው ይህን ሁሉ ለዘመናት አይቷል። ስለዚህ ልጅ ከወላጁ ተለይቶ መኖሩ ብዙም አያስደነግጠውም።

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። የቋራው ካሣ አባቱን በልጅነቱ አጥቶ የተወሰነውን ዕድሜውን በገዳም፣ የተወሰነውን ደግሞ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ነው ያሳለፈው። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ። ስለዚህ «በሰው ቤት ያደገ ልጅ የትም አይደርስም» የሚል ክርክር እዚህ አገር አያስኬድም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ልጁ በልቶ፣ ለብሶ፣ ተምሮ ሲያድግ ውስጡ ምን ይሆናል? የሚጠይቀውስ ማን ነው?

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ሰው ልጅ ማብላትና ማስጠጋት ያውቅበታል፤ በዚህ አንታማም። ድክመታችን ያለው ለልጁ እውነቱን በመንገር፣ ከእጅ ወደ እጅ ባለማዘዋወር እና አሳዳጊዋን ራሷን በመደገፍ ላይ ነው። የልጆቹ የአእምሮ ጤና የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መዝገብ ላይ ያሉትና የሌሉት

በሕግ ቋንቋ ማደጎ ጊዜያዊ ነው። ልጁ ከወላጆቹ ጋር መኖር ሲያቅተው፣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቤተሰብ አጥንቶ ያስረክበዋል፤ ከዚያም እየሄደ ማየት አለበት። ጉዲፈቻ ግን በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ቋሚ ዝምድና ነው። አማራ ክልል ለዚህ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል።

ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች ለማንነት ቀውስና ለሥነ ልቦና ችግር ይጋለጣሉ የሚል ነበር። ክርክሩ ተቀባይነት ያለው ነው። ግን እዚሁ የቀሩትስ? ልጁ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው ስላደገ ብቻ የማንነት ጥያቄ አይነሳበትም ማለት አይደለም። ምክር ቤቱ የውጭውን ጉዲፈቻ ከከለከለ በኋላ ይህንን ጥያቄ ማን እንደተረከበው አይታየኝም።

ለማንኛውም፣ በጎንደር በሰው ቤት ከሚያድጉት ልጆች አብዛኞቹ በየትኛውም ቢሮ በር አላለፉም። ዘመድ ዘመዱን ወሰደ፤ አለቀ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየው የሰሜኑ ጦርነት በደባርቅና በዳባት በኩል ብዙ ሰው ወደ ከተማው አፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት አለ፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ፤ መንገድ ላይ የሚፈራ እገታ አለ። በዚህ መሀል ወላጁ የሞተበት፣ የጠፋበት ወይም «ከተማ ይሻልሃል» ተብሎ የተላከ ልጅ በርክቷል። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁሉም ነው። ለልጁ ልብ የቢሮ ደብዳቤ መኖር አለመኖሩ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ቤተሰብ ወይስ ተቋም?

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚጠቀሰው ጥናት የሮማኒያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስ እና ቻርልስ ዚና የተባሉ ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን መረጡ። በዕጣ ግማሾቹን ለማደጎ ቤተሰብ ሰጡ፤ ግማሾቹ በነበሩበት ቆዩ። ዓመታት ሲያልፉ ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ ዕድገትም፣ ከሰው ጋር በመጣበቅም፣ በጭንቀትና በድብርት ምልክትም ተሽለው ተገኙ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት።

ይህን ሰምቶ «ስለዚህ ማሳደጊያውን ዝጉ፣ ልጁን ለዘመድ ስጡ» ማለት ቀላል ነው። ግን ሌላም ጥናት አለ፤ እሱ ደግሞ ወደ እኛ ይቀርባል። በዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ዌተን የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሥራ በካምቦዲያ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ እና በኢትዮጵያ ወላጅ ያጡ ወይም የተጣሉ ልጆችን አነጻጸረ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ነው። ከፊሎቹ በተቋም፣ ከፊሎቹ በቤተሰብ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። በተቋም ያሉት በጤናም፣ በስሜትም፣ በአእምሮ ችሎታም በቤተሰብ ውስጥ ካሉት የባሰ ሁኔታ ላይ አልነበሩም።

ሁለቱ ጥናቶች የተጣሉ ይመስላሉ። እኔ እንደማነባቸው አልተጣሉም። የሮማኒያዎቹ ጨቅላዎች ናቸው፤ ያደጉበት ማሳደጊያም አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃናት የምትጠብቅበት ነበር። ከዚያ በላይ ግን አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። የቡካሬስቶቹ አሳዳጊዎች ክፍያ ያገኙ ነበር፤ ችግር ሲገጥማቸው የሚደውሉለት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያም ነበራቸው። የእኛ አገር አያት ይህ ሁሉ የላትም። ልጁን የሰጧት ቀን ብቻዋን ቀረች። አምስቱ አገሮች ላይ የታየውም ይኸው ነው፤ የቤተሰብ ጣሪያ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጣሪያው ሥር ያለው ሰው ተደክሞት፣ ተርቦ፣ ሐዘን ላይ ሆኖ ከሆነ ልጁም የዚያው ተካፋይ ነው።

ጨዋ የሚባለው ልጅ

በሰው ቤት ያለ ልጅ ሲጨነቅ ሁልጊዜ አያለቅስም። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ ዝም የሚል ልጅ እንወዳለን። ሳይጠሩት የሚነሳ፣ ሳያዙት ውሃ የሚቀዳ፣ ማዕድ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» የሚል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ይመርቀዋል። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!»

እውነት ጨዋ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ልጅ በተፈጥሮው ረጋ ያለ ነው። ግን አንድ ጊዜ ቤቱን ያጣ ልጅ ይህኛውንም ላለማጣት ሌት ተቀን ይጠነቀቃል። ካስቸገርኩ ይመልሱኛል፤ ብዙ ከበላሁ እከብዳቸዋለሁ እያለ ያሰላል። ልዩነቱ በጊዜ ይታወቃል። በደህና ቤት ያለ ልጅ ወራት ሲያልፉ ይላላል። ያኮርፋል፤ ከቤቱ ልጆች ጋር ይጣላል፤ ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ይላል። ዓመት አልፎት አሁንም እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ምርቃቱን ትተን ብንጠይቀው ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒው አሳዳጊዎችን ያስደነግጣል። ልጁ መጀመሪያ ላይ መልአክ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ይሳደባል፣ ይማታል። «ለመደና ባለገ» ይባላል። ባለሙያዎቹ ይህን በሌላ መንገድ ነው የሚያዩት። ልጁ አሁን ትንሽ አመነ፤ ስላመነም ይፈትናል። «ክፉ ስሆንም ታቆዩኛላችሁ?» እያለ ነው። በዚህ ሰዓት ላይ «እመልስሃለሁ» የተባለ ልጅ መልሱን አገኘ ማለት ነው።

ምግብ መደበቅም የተለመደ ነው። ትራስ ሥር ዳቦ፣ ኪስ ውስጥ ቆሎ። ርሃብ ያየ ልጅ ሆዱ ከጠገበ በኋላም ለነገ ያከማቻል። «ሌባ» ብሎ ስም ማውጣት ነገሩን ያብሰዋል። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፤ መሶቡ ወይም ሣጥኑ ጋ ለእሱ የተተወ ነገር እንዳለ ማሳየት፣ በፈለገ ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ እንዲወስድ መፍቀድ። መጀመሪያ ይወስዳል፤ ውሎ አድሮ ይተወዋል።

ስለ መኝታ ሽንትም አንድ ነገር ልበል። ከዚህ ቀደም አቁሞ የነበረ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ እንደገና ሌሊት መሽናት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ጭንቀት አለበት። ሆን ብሎ አያደርገውም። ፍራሹን ሰፈር እንዲያየው ደጅ አውጥቶ ማስጣትና «ሽንታም» ማለት የለመድነው ቅጣት ነው፤ ጭንቀቱን ከማባባስ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ከጀርባው የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊኖርም ስለሚችል ጤና ጣቢያ ማሳየቱ አይከፋም።

ሌላው ሆድ ቁርጠት ነው። ልጅ «ከፍቶኛል» አይልም፤ «ሆዴን» ይላል። የወስፋት መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ምርመራው ምንም ካላሳየ፣ ሕመሙም የሚነሳበት ሰዓት የሚታወቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት ወይም አንድ ሰው ወደ ቤት ሲገባ፣ ሰዓቱን መከተል ነው። በተለይ አንድን የቤት ሰው የሚሸሽ ልጅ ካያችሁ «ዓይን አፋር ነው» ብላችሁ አትለፉት። በሰው ቤት ያለ ልጅ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ብናገር ማን ያምነኛል፣ የት እሄዳለሁ ብሎ ዝም ይላል።

መርዶ ለልጅ አይነገርም?

መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማለዳ ይኬዳል፤ ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይደረጋል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ሰው ከባድ ነገር ሲሰማ የሚይዘው እጅ ያስፈልገዋል የሚለውን ማንም ፈረንጅ ሳይነግረን አውቀነዋል።

ለልጅ ሲሆን ግን ሥርዓቱን እንተወዋለን። ልጁ ጎረቤት ይላካል። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» ይባላል። «እናትሽ ታማ ነው፣ ትመጣለች» ይባላል። በክፋት አይደለም፤ ስለሚያሳዝን ነው። ግን ውጤቱን አስቡት። ልጁ መጠበቅ ይጀምራል። በዓል በመጣ ቁጥር በር በሩን ያያል። ካልመጣች «ምን አድርጌያት ነው?» ማለት ይጀምራል። ትንሽ ልጅ በዙሪያው የሆነውን ሁሉ ከራሱ ጋር ያያይዛል፤ ስላስቸገርኳት ሄደች ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል። በመጨረሻ እውነቱን የሚሰማው ከክፍል ጓደኛው ነው፤ ያውም ሲጣሉ። «እናትህ እኮ ሞታለች!» የዚያን ቀን ሁለት ሰው ያጣል። እናቱን፣ ደግሞም ያመናትን አሳዳጊውን።

ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሞት የማይመለስ መሆኑን በአብዛኛው ይረዳሉ። ከዚያ በታች ያሉትም ቢሆኑ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሰው ፊት ያነባሉ። ስለዚህ መንገር ነው። የሚቀርበው ሰው፣ ቁጭ ብሎ፣ አጠር አድርጎ ይንገረው። «ሞታለች» ይባል። «ተኝታለች» የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «እግዚአብሔር ወሰዳት» ብቻ ከተባለ ደግሞ አንዳንዱ እኔንም ይወስደኛል ብሎ ይሰጋል። እምነቱን መንገር ጥሩ ነው፤ ከእውነቱ ጋር ይሁን እንጂ። የንስሐ አባት እዚህ ላይ ብዙ ሊረዱ ይችላሉ፤ አዲስ ዓለም ያለ የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነም የሰፈሩ ኢማም። ተዝካርም ሆነ ሙት ዓመት ሲደርስ ልጁን ይዞ መሄድ፣ መቃብሩን ማሳየት፣ ፎቶ ካለ መስጠት። ማልቀስ የተፈቀደበት ቦታ ልጅም ያስፈልገዋል።

ከዚህ የሚከብደው የጠፋ ወላጅ ነው። በጦርነቱ ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ሞቱም ሕይወቱም ያልታወቀ። ፓውሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በዚህ ዓይነቱ ሐዘን ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታለች። ዋናው ሐሳቧ መጨረሻው ያልታወቀ ሐዘን ሰውን ባለበት አቁሞ ያስቀረዋል የሚል ነው። ለቅሶ አይቀመጡት፤ ተስፋ አይቆርጡበት። ለልጁ «ይመጣል» ብሎ መማልም፣ «ሞቷል በቃ» ማለትም ልክ አይሆንም። «አናውቅም። እንዳወቅን መጀመሪያ ለአንተ እንነግርሃለን» ማለት ይከብዳል፤ ግን ልጁ ሊደገፍበት የሚችለው ቃል ይሄ ብቻ ነው። ከተናገሩ በኋላ ደግሞ መጠበቅ ነው።

በነገራችን ላይ እድሮች አንድ ነገር ሊያስቡበት ይችላሉ። የእድር ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቤት ውስጥ የሚያድገው ልጅ በአባሉ ቤተሰብ ዝርዝር ላይ ቢመዘገብ፣ የወለደችው እናቱ ገጠር ስትሞት ሰፈሩ ለእሱም ለቅሶ ይደርሰዋል። የገንዘቡ ነገር ለጊዜው ይቆይ። ሰዎች መጥተው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ቢሉት ብቻ ልጁ ሐዘንተኛ መሆኑ ታወቀለት ማለት ነው።

የአለማየሁ ነገር

ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወር ልጅን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ከልዑል አለማየሁ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ገና 7 ዓመት ሊሞላው ነበር። አባቱ ራሱን ገደለ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ፣ እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው፣ ይዞት ሄደ። ልጁም ተጣበቀበት። ከዚያ መንግሥት «ትምህርት ያስፈልገዋል» ብሎ ከስፒዲ ለየውና ለአንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሰጠው። ቼልተንሃም፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ ቀጥሎ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። በመጨረሻ ሊድስ። እዚያ ሳንባው ታመመ፤ ሕክምናውን እምቢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ።

የተነጠቀ ልጅ ነው፤ ስለ ዝርፊያው ብዙ ተብሏል፣ ይባላልም። አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። እኔ ዛሬ የምለው ሌላ ነው። አለማየሁ ልብስ አልጎደለውም። ትምህርት ቤቶቹ የባለጸጋ ልጅ የሚማርባቸው ናቸው። ንግሥቲቱ ራሷ ታዝንለት ነበር። ያጣው የሚቆይ ሰው ነው። ባመነው ቁጥር ለእሱ ጥቅም ሲባል ከአመነው ሰው ለዩት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ልጁ አንድ ዓመት አያቱ ዘንድ፣ ከዚያ አዘዞ አጎቱ ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዳር አክስቱ ዘንድ። ሁሉም በቅን ልብ ነው የሚወሰነው። «እዚያ ትምህርት ቤቱ ይሻላል»፤ «አጎቱ ደመወዝተኛ ነው»። በእያንዳንዱ ዝውውር ግን ልጁ ጓደኛ፣ መምህር፣ አልጋ እና የለመደውን ሰው ያጣል። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ሰው መልመድ ያቆማል። ለምን ይልመድ? መዘዋወሩ ግድ ከሆነ አስቀድሞ መንገር፣ ከመሄዱ በፊት ቤቱን አይቶ እንዲመለስ ማድረግ፣ የድሮዋ አሳዳጊ በስልክ እንኳ እንዳትጠፋበት ማድረግ ይቻላል። «ገበያ እንሂድ» ብሎ ወስዶ ትቶ መምጣት ግን ክህደት ነው። ለስለስ አድርጌ የምለው አይደለም።

አሳዳጊዋስ?

ስለ ልጁ ስናወራ የምንረሳት እሷን ነው። አያት ከሆነች የልጅ ልጇን የምታሳድገው የገዛ ልጇን ቀብራ ነው። እሷም ሐዘንተኛ ናት። ጉልበቷ ደክሟል፤ የቤት ኪራዩ አለ፤ ጤፉ አለ። ድብርት ውስጥ ብትሆን ማን ያውቃል? «እርጅና ነው» ይባላል። የተደበተች አሳዳጊ ደግሞ ልጁን ብትወደውም ፊቷ ላይ አያይም። ልጅ ፍቅርን የሚያየው ፊት ላይ ነው።

ከአፍ የሚወጡ አንዳንድ ቃላትም አሉ። «እኔ ባላነሳህ የት ትወድቅ ነበር?»፣ «እናትህ ብትሆን ይሄኔ»፣ «ገና ለገና የሰው ልጅ»። ውለታ የተቆጠረበት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ባለዕዳ ነው። ለፋሲካ ለቤቱ ልጅ አዲስ ልብስ ተገዝቶ ለእሱ የቀድሞው ሲሰጠው ምንም ላይል ይችላል፤ ግን ያያል። በሌላ በኩል የቤቱ ልጆችም አሉ። አልጋቸውን ያካፈሉ፣ የእናታቸውን ጊዜ ያካፈሉ ናቸው። እነሱም ቢያኮርፉ አይፈረድባቸውም፤ ለብቻ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

ለትምህርት ብላ መጥታ ሠራተኛ ሆና የቀረች ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናት። ሌሊት ተነስታ እንጀራ የምትጋግር፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዕቃ የምታጥብ «የአክስት ልጅ» ካለች ይህ ማሳደግ አይባልም። የአእምሮ ጤና ምክር የሚጀምረው ከዚያ ሥራ ስትወርድ ነው።

አሳዳጊን መደገፍ ያዋጣል የሚለው ባዶ ተስፋ አይደለም። ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ፣ ከባድ ነገር ለደረሰባቸው 257 ልጆች ምክር የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም። ሥልጠና የወሰዱ ተራ የሰፈር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት ምክሩን ያገኙት ልጆች የመታወክ ምልክታቸው በ80 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ፤ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ባገኙት ላይ ቅናሹ 20 በመቶ ገደማ ነበር። ኬንያና ታንዛኒያ ላይ ደግሞ ወላጅ ላጡ 640 ልጆች ተመሳሳይ ሥራ ተሠራ፤ በእሱ አሳዳጊዎችም በቡድን ይሰበሰቡ ነበር። ጥናቱ ከተካሄደባቸው አራት ቦታዎች በሦስቱ ምክሩ እንዳለቀ ለውጡ ታየ፤ ዓመት ቆይቶም የታየው በኬንያዎቹ ሁለት ቦታዎች ነው።

ጎንደር ይህን ለመሞከር የሚያንሳት ነገር ያን ያህል የለም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የተጀመረው ለሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ነው፤ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ማሠልጠን የቆየ ልማዱ ነው። ሥነ ልቦናም፣ ማኅበራዊ ሥራም፣ የአእምሮ ሕክምናም ያስተምራል። በሌላ ወገን ደግሞ በወር በወሩ የሚሰበሰቡ እድሮችና የጽዋ ማኅበራት አሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው። አሥር አያቶች በወር አንዴ ቡና አፍልተው፣ አንድ የሠለጠነ ሰው መሀላቸው ተቀምጦ «የኔዋ ሌሊት ትቃዣለች» ቢባባሉ ወጪው የስኳርና የቡና ነው።

ወላጅ አምጣ

ትምህርት ቤት ስለ ልጁ ብዙ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይጠይቅም። ልጅ ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ወላጁ ለሞተበት ልጅ ይህ ምን እንደሚመስል መምህራን ቢያስቡት ጥሩ ነው። አንዳንዱ ልጅ ከማምጣት መቅረትን ይመርጣል። «የቤት ሰው ጥራ» ቢባል ምንም አይጎድልም። መምህሩ የትኛው ልጅ ከማን ጋር እንደሚኖር በመስከረም ወር ቢመዘግብና ለራሱ ቢይዘው፣ ክፍል ፊት ሳያነሳው ማለት ነው፣ ግማሽ ሥራ ተሠራ።

የስም ነገርም አለ። ለምዝገባ እንዲቀል ተብሎ ልጁ በአጎቱ ስም ይጻፋል። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ወይም መታወቂያ ሲያወጣ «አባትህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱና ከተፈናቀሉበት ወረቀት ይዘው ያልመጡ ብዙ ናቸው። የአባቱን ስም መለወጥ ለአሳዳጊው የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለልጁ ከአባቱ የቀረው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁት መለወጥ ተገቢ አይደለም።

ሐኪም ቤት መቼ?

ከአእምሮ ሕመሞች ሲሦ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ስለዚህ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። መተኛትና መብላት ለሳምንታት ከተበላሸ፣ ልጁ ጨዋታ ከተወ፣ ራሱን ከጎዳ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ አይጠበቅም። በተለይ የመጨረሻው። «ሊያስፈራራን ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ስለ መሞት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል። ጤና ጣቢያ ሪፈር ይጽፋል፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ፀበሉስ? ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ይህንን የሚያናንቅ ሐኪም ደግሞ ቤተሰቡን ያጣዋል። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ችግር የሚመጣው መድኃኒት የጀመረ ልጅ እንዲያቆም ሲደረግ፣ ወይም ልጁ ታስሮ፣ ተገርፎ ሲጠመቅ ነው። ካህናቱ ራሳቸው ይህን ቢከለክሉ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሰማሉ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ልጁ ከእናንተ ጋር ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት የትና ከማን ጋር እንደነበር፣ ምን እንዳየ የምታውቁትን ጽፋችሁ ያዙ። በሰው ቤት ያደገ ልጅ ታሪክ ሲጠየቅ «አላውቅም» የሚል መልስ ይበዛል፤ ሐኪሙም ከዜሮ ይጀምራል። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ከልጁ ጋር ቢዞር ብዙ ነገር ያሳጥራል። በመደበኛ ማደጎ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ይህን መዝገብ መያዝ ያለበት ቢሮው ነው፤ ጠይቁት፣ ቅጂም ውሰዱ። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በሕግ አዋቂ ይሆናል፤ የቢሮው ክትትል ያኔ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ መዝገቡ መድረስ ያለበት ለራሱ ለልጁ ነው።